“ኦርጋኒክ” የሚለውን ወረቀት ልመን? በበረንዳዬስ ምን ላብቅል?

ጥያቄ፦

“አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። በከተማው ወንዞች ስለሚለማው አትክልት ከሰማሁ ወዲህ ጎመንና ሰላጣ መግዛት ያስፈራኛል። ሱፐርማርኬት ስገባ ‘ኦርጋኒክ’ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሰላጣ አያለሁ፤ ዋጋው ከጉልቱ እጥፍ ነው። ባለቤቴ ‘ወረቀቱን ነው የምትገዢው’ ይለኛል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ቲማቲም በባልዲ ተክዬ ነበር፤ ቅጠሉ እየጠቆረ በሁለት ሳምንት አለቀ። በረንዳዬ ሁለት ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ገደማ ናት፤ ፀሐይ የምታገኘው ጠዋት ነው። ምን ልግዛ? ምንስ ልትከል?”

ሁለት ልጆች ያሏት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህታችን፣ ስጋትሽ ተገቢ ነው። ምክራችንን አስቀድመን እንንገርሽ፦ ጥሬውን የምትበሉትን ቅጠል ራስሽ አብቅዪ፤ የሚበስለውንና የሚላጠውን በየትኛው ውሃ እንደለማ ጠይቀሽ ግዢ፤ ማን እንዳረጋገጠው ለማይታወቅ “ኦርጋኒክ” የሚል ወረቀት ግን እጥፍ አትክፈዪ።

ከወረቀቱ እንጀምር። ኦርጋኒክ ማለት ያለ ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የለማ ማለት ነው። ሀገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 488/1998 ነው። አንድ ምርት በእውነት ኦርጋኒክ ነው የሚባለው ገለልተኛ ተቆጣጣሪ በየዓመቱ ማሳው ድረስ ሄዶ መሬቱን፣ የግብዓት መዝገቡንና ማከማቻውን ሲያይ ነው። ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የለመደ ማሳም ዛሬ ማቆሙ ብቻ አይበቃውም። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደ ሰላጣ ያለ ሰብል ከመዘራቱ በፊት መሬቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት በኦርጋኒክ አያያዝ መቆየት አለበት። እዚህ ሀገር ይህን ሁሉ አልፎ የምስክር ወረቀት የሚያገኘው በአብዛኛው እንደ ቡና ያለ ለውጭ ገበያ የሚላክ ምርት ነው። ስለዚህ ሰላጣው ላይ ያረጋገጠው ተቋም ስምና የምስክር ወረቀት ቁጥር ካለ ዋጋው ምክንያት አለው። ከሌለ ያየሽው የሻጩን ቃል ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጠይቀሽ ማጣራት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ገበያ ላይ “የሀበሻ ነው”፣ “ትል የበላው ስለሆነ መድኃኒት አልነካውም”፣ “በፍግ ነው ያደገው” የሚሉ ማረጋገጫዎች ይሰጡሻል። ሦስቱም አያስተማምኑም። የሀበሻ ጎመን የዘሩ ዓይነት ነው፤ እንደማንኛውም ዘር ሊረጭ ይችላል። ትል የቀደደው ቅጠል ደግሞ ትሉ ከታየ በኋላ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ፍጉም ቢሆን ማሳውን የሚያጠጣው የፍሳሽ ውሃ ከሆነ ምንም አያተርፍም።

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ጉዳቶችን መለየት አለብሽ፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራምና።

የመጀመሪያው ጀርምና ጥገኛ ተውሳክ ነው፦ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የወስፋት እንቁላል። ይህን ማብሰል ይገድለዋል። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ለይተሽ በሚፈስ ውሃ አሸት አሸት እያደረግሽ አፈሩን አስለቅቂ። ቀጥሎ በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ቀላቅለሽ 10 ደቂቃ ዘፍዝፊውና በሚጠጣ ውሃ አለቅልቂ። አፈሩ ሳይለቅ በረኪና ውስጥ መክተት ዋጋ የለውም፤ ክሎሪኑን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። በረኪና ባክቴሪያን በደንብ ይገድላል እንጂ በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለለውን አሜባና የወስፋትን እንቁላል አስተማማኝ ሆኖ አይገድልም። ምንጩን ለማታውቂው ሰላጣ ይህ አጠባ ሙሉ መፍትሔ አይደለም የምንልሽም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የፀረ ተባይ ቅሪት ነው። ቅጠሉ ላይ የቀረውን በሚፈስ ውሃ ማጠብና መላጥ ይቀንሰዋል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀውን ግን አያወጣውም። ወሳኙ በመጨረሻው ርጭትና በለቀማው መካከል ያለው የቀን ብዛት ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት መለያው ላይ የተጻፈ የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ዋጋ ሲወደድ ወይም ዝናብ ሲያስፈራ ቀኑ ሳይሞላ ይለቀማል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ስኳር ድንችና ሽንኩርት ተልጠው ስለሚበሉ ኦርጋኒክ ተብለው ቢወደዱ ተጨማሪውን መክፈል አያስፈልግሽም።

ሦስተኛው ከባድ ብረት ነው፤ አንቺ የሰማሽው ወሬ በዋናነት የሚመለከተውም ይህ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የፋብሪካ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በዳርና ዳራቸው ለብዙ ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል። በእነዚህ ማሳዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች በአፈሩም በቅጠሉም ውስጥ አግኝተዋል። ብረቱ በሥር ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ አይታጠብም፣ ሲበስልም አይጠፋም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከፍራፍሬ የበለጠ ይሰበስበዋል። ይህን የምትከላከዪው ምንጩን በማወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጯን “ኦርጋኒክ ነው?” ከማለት “የት ነው የለማው? በወንዝ ነው በጉድጓድ ውሃ? መጨረሻ የተረጨው መቼ ነው?” ብለሽ ጠይቂ። አምራቹ ራሱ በሚሸጥበት የእሑድ ገበያ መልሱን ከባለቤቱ አፍ ትሰሚያለሽ። አንዷን ሻጭ ደንበኛ አድርገሽ ደጋግመሽ ከእሷ መግዛትም ይረዳል፤ ደንበኛዋን ማጣት የማትፈልግ ሻጭ ምንጩን አጣርታ ታመጣልሻለች።

አሁን ወደ በረንዳሽ። የጠዋት ፀሐይ ማለት በቀን ለአራት ወይም ለአምስት ሰዓት ያህል የሚቆይ ብርሃን ነው፤ ለሰላጣ፣ ለቆስጣ፣ ለሀበሻ ጎመን፣ ለድንብላልና ለቀይ ሥር ቅጠል ይበቃል። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ የሚቆይ ፀሐይ ይፈልጋሉ። (በረንዳቸው ወደ ደቡብ ለሚያይ አንባቢዎቻችን፦ በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥሩ ብርሃን ታገኛላችሁ፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ወደ ሰሜን ታልፍና በረንዳችሁ ይጨልማል። ወደ ሰሜን ለሚያይ ተቃራኒው ነው።)

ዕቃው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሁን። በጎኑ አጋድመሽ ሰፊውን ፊት ቁረጪለት፤ ወደ 15 ሊትር አፈር ይይዛል፣ ጥልቀቱም ለቅጠላ ቅጠል ይበቃል። ዘይት የነበረበትን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበሽ መጠቀም ትችያለሽ። ቀለም፣ አሲድ፣ ነዳጅ ወይም የእርሻ መድኃኒት የነበረበትን ግን በፍጹም አትንኪ፤ ፕላስቲኩ መጥጦ ያስቀረውን ለአፈሩ ይመልሰዋል። በጋለ ሚስማር ከሥሩ ስምንት ያህል፣ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቀዳዳዎች ብሺ። ከበታቹ ሁለት እንጨት አድርጊለት፤ ወለሉ ላይ ከተኛ ቀዳዳው ይደፈናል። የሚንጠባጠበው ታች ያለ ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳይወርድ ትሪ አኑሪ። አንዱ ጀሪካን ውሃ ሲጠጣ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ስድስት ከደረደርሽ 150 ኪሎ ሊጠጋ ስለሚችል በቤቱ ግድግዳ በኩል ደርድሪያቸው እንጂ ከበረንዳው የውጭ ጠርዝ አታስጠጊ፣ ከብረቱ ላይም አትስቀዪ።

አፈሩ ላይ ጊዜ ውሰጂ፤ በዕቃ ተተክሎ የሚሞት አትክልት አብዛኛው የሚሞተው በአፈሩ ነው። የአዲስ አበባ ጥቁር ዋልካ ማሳ ላይ ጤፍ ቢያበቅልም ጀሪካን ውስጥ ሲረጥብ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ሥሩን አየር ያሳጣል፣ ሲደርቅም ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ለመለየት አፈሩን አርጥበሽ በመዳፍሽ አድቦልቡዪው፦ ረጅም ክር ሆኖ ሳይበጠስ ከቀረ ዋልካ ነው፣ ተዪው። ቀይ አፈር ፈልጊ። ልኩ በባልዲ 3 እጅ ቀይ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት (ከበሰበሰ ልጣጭና ቅጠል የሚሠራ ማዳበሪያ)፣ 1 እጅ ቀይ አሽ ነው። ቀይ አሹ ለግንባታ የሚሸጠው ነው፤ ነፍተሽ ከአተር የሚያንሰውን ውሰጂ። አሸዋም ይሆናል፤ ሲሚንቶ የነካው ግን አፈሩን ስለሚያመርረው አይሁን። አንድ ጀሪካን ሞልተሽ አንድ ሊትር ውሃ አፍስሺበት። በአንድ ሁለት ደቂቃ ከሥር መንጠባጠብ ከጀመረ መልካም ነው። ላዩ ላይ አምስት ደቂቃ ከቆመ ቀይ አሽ ጨምሪ።

አፈሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ደግሞ ሰላጣው ከየት እንደመጣ ከመጠየቅ አያንስም። በወንዝ ዳር ያሉ ችግኝ ጣቢያዎች አፈሩንም ውሃውንም ከዚያው ሊወስዱ ይችላሉ፤ እዚያ የገዛሽውን አፈር ስትሞዪ የሸሸሽውን ብረት ወደ ቤትሽ ታስገቢያለሽ። ከጋራዥ፣ ከጎሚስታና ከዋና መንገድ ዳር የተቆፈረም እንዲሁ ነው። ከከተማው ውጭ ከተራራ ወይም ከእርሻ የመጣ ይሁን።

ኮምፖስቱን ለመጀመሪያው ዙር ግዢ፤ ለሚቀጥለው ራስሽ አዘጋጂ። ክዳን ያለውን ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከጎኑም ከሥሩም በሚስማር ብሺው። ከታች አራት ጣት የሚያህል የተቀደደ ካርቶን ወይም ደረቅ ሳር አነጥፊ። የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የተደቆሰ የእንቁላል ቅርፊት በጨመርሽ ቁጥር የእሱን እጥፍ የሚሆን ደረቅ ነገር አልብሺበት፦ ደረቅ ቅጠል፣ የጤፍ ጭድ፣ ቀለም ያልበዛበት ካርቶን። ሥጋ፣ ዘይት፣ ወጥ የነካው እንጀራና ወተት አይገቡም፤ አይጥና ዝንብ ይጠራሉ። እርጥበቱን በእጅሽ ጨብጠሽ ለኪ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ መውጣት አለበት። በሳምንት አንዴ አገላብጪ። ከሸተተ ረጥቦ አየር አጥቷል፣ ካርቶን ጨምሪ። ወር ሙሉ ካልተለወጠ ደርቋል፣ ውሃ ርጪበት። በአዲስ አበባ ብርድ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ሽታው የዝናብ አፈር ሽታ ሲሆንና ልጣጩ ሲጠፋ ደርሷል። ፍግ ካገኘሽ ትኩሱን አታድርጊ፤ ሥር ያቃጥላል፣ ጀርምም ይዞ ይመጣል። ትኩስ ፍግ የገባበት አፈር ላይ ጥሬ የሚበላ ነገር ቢያንስ አራት ወር ሳይሞላ አይለቀምም።

ዘር ስትገዢ ማሸጊያውን አንብቢ። ሮዝ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የተለበጠ ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት፣ ለኦርጋኒክ አትክልትሽም አይመረጥም። የሰላጣን ዘር በትንሽ ዕቃ ላዩ ላይ በትነሽ እጅግ በስሱ አፈር አልብሺው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈ ላይወጣ ይችላል። አጥብቀሽ አትዝሪ፤ የተጠጋጋና ሁልጊዜ የረጠበ ችግኝ እግሩ ላይ ይበሰብስና በአንድ ሌሊት ይተኛል። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ አመሻሽ ላይ አዛውሪው፤ በአንድ ጀሪካን ስድስት ይበቃል። ቆስጣን በቀጥታ 2 ሴንቲ ሜትር አስገብተሽ ዝሪ፤ ከአንድ ፍሬ ሁለት ሦስት ቡቃያ ስለሚወጣ አንዱን ትተሽ ሌላውን በመቀስ ቁረጪ፣ ብትነቅዪው የሚቀረውን ሥር ያናጋል። በጀሪካን ሦስት ቆስጣ ወይም ሁለት ሀበሻ ጎመን በቂ ነው። ሰላጣውን በየሦስት ሳምንቱ በአንድ ጀሪካን ብቻ ዝሪ። ሁሉንም በአንድ ቀን የዘራ ሰው ሁለት ሳምንት ለጎረቤት ያድልና ከዚያ ተመልሶ ገበያ ይወጣል።

ስትለቅሚ ከዳር ያሉትን ቅጠሎች ቅጠፊ፤ መሀሉ ላይ አራት አምስት ቅጠል ይቅር። ሰላጣው ከተዛወረ ከወር ገደማ በኋላ ይደርሳል፣ ቆስጣው ከተዘራ በሰባትና ስምንት ሳምንት። በደንብ ከተያዘ ቆስጣ ለወራት ይሰጣል። ከአንድ ወር በኋላ በየጀሪካኑ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት በየወሩ ጨምሪ፤ የታች ቅጠል ቢጫ መሆን ምግብ ማነሱን ይነግርሻል። ዩሪያ አታድርጊበት፤ በዕቃ ውስጥ ትንሹ እንኳ ሥር ያቃጥላል፣ ከዚያም ወዲያ አትክልትሽ ኦርጋኒክ አይባልም። ይህ በረንዳ የቤተሰቡን አስቤዛ አይተካም። ስድስት ጀሪካን ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሰላጣና አንድ ቀን ቆስጣ ለአራት ሰው ሊያወጣ ይችላል፤ ልጆችሽ ጥሬውን የሚበሉት ቅጠል ምንጩ የታወቀ ይሆናል፣ ትልቁም ነገር ይኸው ነው።

ውሃ በበጋ ለአንድ ጀሪካን በቀን ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል፣ ጠዋት ጠዋት። ጣትሽን ሁለት አንጓ አስገብተሽ እርጥብ ከሆነ ዕለፊው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ሩዝና ምስር ያጠብሽበትን አጠራቅሚ፤ ጨው ወይም ሳሙና የነካውን ግን አይደለም።

ከተባይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግርሽ ክሽክሽ ነው፤ በደረቁ ወራት በጎመን ቅጠል ሥር ተሰብስቦ ይመጥጣል፣ ቅጠሉም ይጠቀለላል። ጥቂት ሲሆን በጣትሽ ጭፍልቂው። ሲበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሥር ርጪ፤ ክሽክሹ ላይ ካላረፈ አይሠራም። በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ድገሚው። ኦሞን የመሰለ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። የትምባሆ ውሃ የሚመክሩሽን አትስሚ፤ በውስጡ ያለው ኒኮቲን ከብዙ የሱቅ መድኃኒት የባሰ መርዝ ነው። ቢራቢሮ እንቁላል እንዳትጥልበት መረብ ማልበስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለወባ የሚታደለው አጎበር በፀረ ነፍሳት የተነከረ ስለሆነ ለምግብ አይሆንም። ስስ የመጋረጃ ቱል ግዢ።

ለቲማቲምሽ እንመለስ። ሰኔ ላይ መትከልሽ ነው የጎዳው። ቅጠል እያጠቆረ በቀናት የሚጨርሰው የድንችና የቲማቲም ዋግ የሚባለው በሽታ የሚራባው ቀዝቃዛና እርጥብ ቅጠል ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ለእሱ ምቹ ነው። በዚያ ላይ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ቅጠሉን ቶሎ አያደርቅም። የሞተውን ተክል ኮምፖስት ውስጥ አታስገቢው፤ አሽገሽ ጣዪው። ባልዲውን በበረኪና እጠቢ፤ አፈሩ ላይም ለሁለት ዓመት ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አይተከል፣ ለቆስጣ ግን ይሆናል። ሙሉ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ የግቢ ጥግ ካለሽ ዘሩን ታኅሣሥ መጨረሻ ቤት ውስጥ አፍዪ፣ የካቲት ላይ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ውስጥ አንድ አንድ ብቻ ትከዪ፤ ሐምሌ ሳይገባ ለቅመሽ ትጨርሻለሽ። ውሃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ፤ አንድ ቀን አጥለቅልቀሽ ሦስት ቀን ካስጠማሽው የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ይበሰብሳል።

እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለሽ ቲማቲምን ከገበያ ግዢ። በክረምት ይኸው ዋግ ገበሬውንም ስለሚያስቸግረው ርጭቱ ይበረክታል፤ በእነዚያ ወራት ቲማቲሙን ለሰላጣ ከማድረግ ይልቅ በሚፈስ ውሃ አሽተሽ አጥበሽ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክረሽ ልጣጩን ገፈሽ ለወጥ አድርጊው።